ሌባው መስታወቴን ሰበረ፣ እኔ እማማን ተቆጣሁ

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ጨጓራም አላወራም። ስለ ንዴት ነው። ከራሴ ልጀምር፤ ታሪኩ የሚያኮራኝ ባይሆንም።

ጥር 2015 ላይ ለዘመድ ሠርግ ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ሄጄ ነበር። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ስሟን ያለምክንያት አላገኘችም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ሌሊት ውርጯ ጆሮ ይቆርጣል። እሑድ ማታ መኪናዬን ካደርኩበት ቤት ፊት ለፊት አቆምኩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ስላለብኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ልነሣ ስወጣ የኋላው በር መስታወት የለም። ወንበሩ ላይ ስብርባሪው ተበትኗል። ክሪኩ፣ ጃኬቴና ቦርሳዬ ሄደዋል። ቦርሳው ውስጥ የባንክ ካርዴና ከተማሪነቴ ጀምሮ የያዝኩት የደረት ማዳመጫዬ፣ ስቴቶስኮፔ ነበር። ሌባው ምን ሊያዳምጥበት እንደወሰደው እስካሁን አይገባኝም።

ከሌባው በላይ ያበሸቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አንዱ "ለምን ውጭ አሳደርካት?" አለኝ። ሌላው "ቦርሳ መኪና ውስጥ ይተዋል እንዴ?" አንድ ዘመዴ በስልክ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ "ለበጎ ነው፣ እንኳን አንተን አልነካህ" ብሎ ስለ ሠርጉ ድግስ መጠየቅ ጀመረ። ካርዱን ለማዘጋት ደወልኩ፣ "ሲስተም የለም" ተባልኩ። ሲነጋ ፖሊስ ጋ አስመዝግቤ፣ የተሰበረውን በላስቲክና በፕላስተር ሸፍኜ መንገድ ጀመርኩ። ጉና ተራራ ሥር ስደርስ ነፋሱ ላስቲኩን ገነጠለው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ የሚወርደውን ብርድ ያለ ጃኬት ለቀመሰ ሰው መናገር አያስፈልግም። ክምር ድንጋይን፣ ደብረ ታቦርን አልፌ ሥራ ቦታዬ የደረስኩት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። የግፊት ክትትል ቀን ነበር። ታካሚው ኮሪደሩን ሞልቶታል።

መጀመሪያ የገቡት ከእስቴ የመጡ እናት ናቸው። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ከዋዜማው መጥተው ዘመድ ቤት አድረው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቁኝ ነበር። መድኃኒታቸው ካለቀ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ሁለት ሳምንት ልጄ።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚነገርዎት? ሽባ ሆነው መተኛት ነው የሚፈልጉት?"

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰምቷል። እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አጥፍቻለሁ ልጄ፣ አትቆጣ" አሉኝ። አራት ሰዓት ያስጠበቅኳቸው እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው። ወዲያው ግፊታቸውን ለካሁ፤ 178 በ104። መጠኑን ጨምሬ ሌላ መድኃኒትም ልደርብ ብዕር አነሣሁ።

አብራኝ የምትሠራው ሲስተር በጆሮዬ "ዶክተር፣ ደህና ነህ ግን?" አለችኝ። ይህችው ናት ጥያቄዋ። ወጣ ብለን ነገርኳት። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ስቴቶስኮፑ፣ ስለ "ለበጎ ነው"። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። "አይ! በጣም ያናድዳል" አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ጊዜ ነው ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ተሰቅሎ እንደነበር የታወቀኝ።

ተመልሼ እማማን ይቅርታ ጠየቅኩ። መኪናዬ ተሰብሮ እንደሆነ፣ እሳቸው ላይ መጮህ እንዳልነበረብኝ ነገርኳቸው። ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን መሬት አስነክተው 5 ደቂቃ ያለ ወሬ አረፉ። ድጋሚ ስለካ 158 በ94። አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ መድኃኒት አቋርጠዋላ። ያ የወረደው ግፊት ግን የእኔ ጩኸት ነበር። የነፋስ መውጫው ሌባ የሰበረው መስታወት ለእስቴዋ እናት የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ሊያሳዝዝ ለጥቂት ቀረ። ለምን እንዳቋረጡ ኋላ ስጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተው መኪና አጥተው ተመልሰዋል። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነበር።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚለው ተረት ለእንደኔ ዓይነቱ የተተረተ ነው። ሌባውን አላገኘሁትም፣ ሲስተሙን መሳደብ አይቻልም፣ ዘመድን መቆጣት ነውር ነው። ቀጥሎ የሚገኘው እማይመልስ ሰው ነው። እናንተም ቤት እንደዚያው ነው፦ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ አባት ቤቱ ሲገባ ውኃ ያፈሰሰ ልጁ ላይ ይጮሃል። ቢሮ "ነገ ተመለሺ" የተባለች እኅት ማታ የቤት ሠራተኛዋን ታስለቅሳለች። መጀመሪያ ያጠፋው ሰው ግን በሰላም ተኝቷል።

አንዳንዶቻችሁ "አገር እንዲህ ሆኖ የመኪና መስታወት ምን ጉዳይ ነው?" ትሉ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ጦርነት የገባባት ከተማ ናት። እዚያ ሰው የደረሰበትን እያወቁ ስለ ክሪክ ማውራት ያሳፍራል። ግን እፍረቱ አፍ ያዘጋል እንጂ ንዴቱን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ላዛረስና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ 100 ጎልማሶችን ለአንድ ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። የጭንቀትና የድብርት ዓይነት ምልክቶችን በተሻለ ያመላከተው እንደ ሞትና ፍቺ ያለው ትልቅ አደጋ ሳይሆን የየቀኑ ጥቃቅን ብስጭት ሆኖ አገኙት። ይህ ማለት ሐዘን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ለሐዘን ግን ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ ዕድር አለ። ለተሰበረ መስታወት፣ ለጠፋ ስልክ፣ ለሦስተኛ ቀን መብራት መጥፋት ማንም አይመጣም። ብቻችሁን ትይዙታላችሁ።

ድሮ ግን በገጠሩ ስርቆት እንኳ ለብቻ የሚያዝ ነገር አልነበረም። አውጫጭኝ የሚባለውን ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በአንዳንድ ቦታ አፈርሳታ ይሉታል። በሬ ወይ በግ ከጠፋ የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ወደ ቤት መሄድ የለም። በአንዳንድ ቦታም ሌባው ካልተገኘ ኪሳራውን አገሬው ተጋርቶ ይከፍል ነበር። ይመለስ እያልኩ አይደለም። ንጹሕ ሰው ከሥራው ተፈትቶ ሲጉላላ ይውላል፣ በቂምም ስም ሊጠራ ይችላል። ግን ለአንድ ነገር ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ፦ በሬው የጠፋበት ሰው "ለምን ውጭ አሳደርከው?" ተብሎ ብቻውን አይቀርም። ነገሩ የሁሉ ነገር ይሆናል። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ ያለን አንድ "አይዞህ" የሚል ስቲከር ነው።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ንዴት ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 280 ጤነኛ ሰዎችን መርምሯል። ያናደዳቸውን ነገር ለ8 ደቂቃ እንዲያስታውሱ የተደረጉት ላይ የደም ሥሮቻቸው የመስፋት አቅም ቀንሶ ታይቷል፣ ያውም እስከ 40 ደቂቃ የቆየ። ማስታወስ ብቻ ነው እንግዲህ! ቀደም ሲል በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ድካም ጥቃት የደረሰባቸውን ከ1,600 በላይ ታካሚዎች ጠይቆ፣ ከከባድ ቁጣ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት አደጋው ከ2 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል። ወጣትና ጤነኛ ለሆነ ሰው ከመነሻው ትንሽ የሆነ አደጋ በእጥፍ ቢያድግም ትንሽ ነውና አትደንግጡ። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይስማኝ፦ ተናዳችሁ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቃችሁና ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ንዴት ነው ብላችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ሂዱ፣ መኪናውን ራሳችሁ አትንዱ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ምክር ይወረወራል፣ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንዱ "ቻለው፣ ዋጠው" ነው። የተዋጠው የት እንደሚወጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሌላው "ጩህ፣ ትራስ ደብድብ፣ ይውጣልህ" የሚለው ነው። ይሄኛው ዘመናዊ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያምነዋል። ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ሞክሮታል፦ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት፣ ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት የበለጠ ተናደው ተገኙ። እሳት ላይ ጭድ ነው።

እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ተናድጃለሁ ብላችሁ ለአንድ ሰው ንገሩ። ምክር እንዲሰጣችሁ አይደለም፣ እንዲሰማችሁ። ሰሚው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ እባካችሁ "ለበጎ ነው"ን ትንሽ አቆዩት። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ሲባል "በቃ ዝም በል" ማለት ሆኖ ነው የሚሰማው። "ለምን እንዲህ አላደረግክም?" የሚለውን ደግሞ ጭራሽ ተዉት፤ መኪና ሰባሪው ሌባ እንጂ አቋሚው አይደለም። ቤት ልትገቡ ስትሉ በር ላይ "ዛሬ ልቤ ጥሩ አይደለም፣ በእናንተ አይደለም፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ብትሉ ልጆቻችሁ ከምታስቡት በላይ ይገባቸዋል። ቢራውን እንደ መድኃኒት አትቁጠሩት፤ ንዴቱም ግፊቱም ጠዋት ይጠብቃችኋል።

እጃችሁንም ሥራ ስጡት። መኪናችሁ ከተሰበረ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ፣ ፖሊስ ጋ አስመዝግቡ፤ ሌባው ባይገኝ እንኳ ኢንሹራንስ ስትጠይቁ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ያላችሁ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የራሳችሁን መስታወት እንደማይሸፍን ከአሁኑ እወቁት፤ ያን ቀን ስታውቁት ሌላ ንዴት ነው። ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትጥረጉ (እኔ ጠርጌ ጣቴን ቆርጬያለሁ፣ ሐኪም ነኝ እንግዲህ)። ከዚያ ከመንዳታችሁ በፊት ጥቂት ተራመዱ።

በንዴት ቀን ግፊት አትለኩ ማለቴም አይደለም፤ ለኩት፣ ግን በአግባቡ። ከመለካታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይሁን። ሁለት ጊዜ ይለካ። ለካፊው ሲጮህባችሁ ከለካ ደግሞ "ዶክተር፣ ይደገምልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

እማማ ከወር በኋላ መጡ። መድኃኒታቸው አልተቋረጠም፤ የሁለት ወር እንዲሰጣቸው ስላደረግን አንድ ጉዞ ተርፎላቸዋል። ገና በሩ ላይ እንዳሉ "ሌባው ተገኘ ወይ ልጄ?" አሉኝ።

"አልተገኘም እማማ።"

"የኔንም ዶሮ በዚያው ሰሞን ወስደውብኝ ነበር" አሉና ጀመሩ። ዶሮዋ ቄብ እንደነበረች፣ ማንን እንደጠረጠሩ፣ ጎረቤታቸው ምን እንዳለች አንድ በአንድ ነገሩኝ። በኮሪደሩ ሰው እየጠበቀ ነበር፣ ቢሆንም ሰማኋቸው። "በጣም ያናድዳል" አልኳቸው። ከዚያ አምስት ደቂቃ ዝም እንበል ተባብለን ዝም አልን። 142 በ88።