ሆድ የሚያባባው የገና ዘፈን

በገና ዋዜማ የጂጂን «ናፈቀኝ» ስከፍት የሞጣው ጓደኛዬ ፊቱ ይጠቁራል። «ኧረ በናትህ፣ በዓል እኮ ነው! ሆዳችንን አታባባው» ይለኛል። ለሱ የገና ዘፈን ማለት «አሲና ገናዬ» ነው፦ ጭብጨባ፣ ሆታ፣ አቧራ።

«ናፈቀኝ» የገና ዘፈን ነው ብዬ አልከራከርም። የቻግኒዋ ጂጂ፣ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ባሕር ማዶ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ፣ ያገር ቤቷን ናፍቆት ያንጎራጎረችበት ነው። ተስፋ ያስቆርጣል የሚለውን ግን አልቀበልም። ቁርጡን ያወቀ ሰው ያዝናል እንጂ አይናፍቅም።

ጓደኛዬ የሚከፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚያደርሰው መንገድ፣ እንደ ድሮው ለእናት ነጠላ ለአባት ጋቢ ሸክፈው ብድግ የሚሉበት አይደለም። በአንዱ ገና እናቱ በስልክ «ዶሮዋን ለማን ብዬ ላሳርዳት፣ ልጄ?» አሉት። መልስ አጣ። ያን ዕለት ማታ ያስለቀሰው ታዲያ «ናፈቀኝ» አልነበረም፤ ነጭ በነጭ ለብሰው በቴሌቪዥን ሲያጨበጭቡ የነበሩት ናቸው። ደስ ይበልህ ተብሎ የታዘዘ ሰው፣ ደስ ሳይለው ሲቀር ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ደግሞስ ገናን ከሐዘን ማን አፋትቶት ያውቃል? ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉት ሊቃውንት ቢጠየቁ፣ ታኅሣሥ 29 ልደቱ ተከብሮ ጥር 3 ስንክሳሩ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት እንደሚያስብ ይነግሩናል። ስደቱም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው።

ፈረንጆቹም ይህ ክርክር አለባቸው። ጁዲ ጋርላንድ እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣ ፊልም ላይ፣ ከተማቸውን ለቀው ሊሄዱ ነው ብላ ለተከፋች ታናሽ እህቷ የምትዘፍነው የገና ዘፈን አለ። የመጀመሪያው ግጥም እጅግ ከመጨለሙ የተነሳ ጋርላንድ ራሷ ይለወጥልኝ አለች። እሱስ ደግ አደረገች፤ ለልጅ የሚዘፈን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ፍራንክ ሲናትራ መጣና የቀረችውን ትካዜ ያዘለች ስንኝ በደስታ አስቀየራት። ዘፈኑ ያማረበት መስሎት ነበር። ለኔ ግን ጨው የጎደለው ወጥ ሆነ።

ሙሾ ብቻ የሆነ ዘፈን እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን ጓደኛዬ ያጥፋው፣ አልቆጣም። «ናፈቀኝ»ን ግን አይነካብኝም። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እኔ ቢቸና ስወርድ፣ ከዚያ እስከ ሞጣ ያሻውን ያስከፍት።