የሠለጠነን እጅ «ሠልጥን» ማለት

«የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ድህነት ከሥልጠና እጦት ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የደላንታው ወገል ጤና ገበያ ቢወጡ ጥሩ ነበር። የደላንታ ገበሬ በማን ማረሻ ያርሳል? ምጣዱስ፣ ጀበናውስ? ባለእጁን የሚያደኸየው «ቡዳ» መባሉ ነው፤ ጋብቻ ይነፈጋል፣ ከማኅበር ይገፋል፣ ብድር ሲጠይቅ ዋስ ያጣል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። የ1967ቱ አዋጅም መሬት ለአራሹ ሰጠ እንጂ ቀጥቃጩን ከአራሹ ጋር አላጋባም።

ደግሞስ ደላንታን አቋርጦ መቅደላ የደረሰውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጋፋት ላይ አቅልጠው የሠሩት ፈረንጆች «ጥበበኛ» ሲባሉ፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠው የአገሬ ሰው ለምን «ጅብ ይሆናል» ይባላል? ይኼ የትኛው ሥልጠና ላይ ይካተት? ጸሐፊው ለዚህ ይመልሱልኝ፤ ስለ ሥልጠናው ሞዱል ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።