«አደፍርስ» ከበደ ወይስ አንባቢው ተናቀ?

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የኖረ አንድ ክስ አለ፤ ይኸውም «አይገባም» የሚለው ነው። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠ ሰው ብዙም ሳይርቅ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠፋበታል፤ ተራኪውም እጁን ይዞ አያሻግረውም። ይህ አይካድም። ከዚህ ተነሥቶ ግን «እንዲህ ያለው ድርሰት ለሰፊው ሕዝብ አይሆንም» ወደሚል ፍርድ መዝለል ሂስ ሳይሆን ንቀት ነው።

ንቀቱ ምን ያህል መሠረት የለሽ እንደሆነ ለማየት እስከ ስማዳ፣ እስከ ወገዳ ከተማ መዝለቅ ይበቃል። ከወገዳ አጠገብ ያለው የጋይንት አገር ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥእት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩበት ነው። በዚያ አገር የቆሎ ተማሪ ዳዊት መድገም የሚጀምረው ትርጉሙን ሳያውቅ ነው። አስቀድሞ ንባቡን በጆሮው ያደላድላል፤ ምስጢሩ ከዓመታት በኋላ በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት ይፈታለታል። ደቀ መዝሙሩ በመጀመሪያው ቀን ስላልገባው መጽሐፉን የሚያጥፍ መሪጌታ የለም። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም ቢሆን አልቃሽ በለቅሶ ላይ የጣለችውን ኅብረ ቃል አንሥቶ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት አስረጂ አይሻም። «ቀለል ያለ ይሰጠው» የሚባልለት እንግዲህ ይህን የመሰለ ጆሮ ያለው ሕዝብ ነው!

ችግሩ የልማድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን ከቦጋለ መብራቱ አንሥቶ በተርታ ይመራዋል፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ ልብ ወለድ ማለት ይኸው ነው ብሎ ያዘ። ዳኛቸው ግን የተውኔት ሰውም ነበርና ተራኪውን ወደ ኋላ አድርጎ መድረኩን ለተናጋሪዎቹ ለቀቀ። ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ጎርፉ፣ ሮማን፣ አባ አዲሴ፣ ራሱ ተማሪው አደፍርስም በደብረ ሲና አካባቢ ሲከራከሩና ሲተራረቡ በመካከላቸው ቆሞ የሚፈርድ ድምፅ እምብዛም የለም። አሮጌው አልወድቅ፣ አዲሱም አልቆም ባለበት ዘመን ሁሉን አዋቂ ዳኛ ማስቀመጥ ሐሰት በሆነ ነበር። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚለው ብሂል ከባለ ታሪኩ ስም አልፎ ለአነባበቡም ይሠራል።

ስለዚህ ጥፋቱ በይበልጥ የሚያርፈው በመምህሩ ላይ ነው። አሕጽሮተ ታሪኩን በሰሌዳ ጽፎ ያስገለብጣል፤ ተማሪው መጽሐፉን ሳይገልጥ ፈተናውን ያልፋል። የወገዳ ተማሪዎች ድምፅ ተከፋፍለው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብለው ቢያነቡት የባላባቲቱ ቃል ከካህኑ፣ የካህኑም ከተማሪው በአነጋገሩ ብቻ ይለያል። በመጀመሪያው ንባብ ያልተፈታው ይቆይ፤ ለሁለተኛው ይተርፋል።

የማድነቁም ወገን ከነቀፋ አያመልጥም። «አልገባኝም» ማለትን እየፈራ «ረቂቅ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሐያሲ ከከሳሹ የተሻለ አላነበበም። የአደፍርስ ዲስኩር እኮ በየቦታው ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ክርክሩ ሕይወት ካለው ሰው አፍ መውጣቱ ቀርቶ ከመማሪያ ደብተር የተቀዳ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ይህን ጉድለት ገጹን ጠቅሶ «እዚህ ላይ ደራሲው አበዛው» ለማለት የሚችለው ግን ያነበበው ነው፤ ከሰሌዳ የገለበጠው ልጅ የት እንደ በዛ እንኳ አያውቅም።