አርጃኖ ፍሬ ይለቅማል?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ስልኬን ይዛ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ድንገት ተነሥታ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወርቃማ ነጠብጣብ የሞላበት ትልቅ ጥቁር እንስሳ ዛፍ ላይ ተለጥፏል። መነጽሬን ሳላደርግ እንኳ አወቅሁት። «አርጃኖ ነው» አልኳት።

«ምን ይበላል?»

«ሥጋ ነዋ! እንቁላል፣ ጫጩት፣ አይጥ፣ ያገኘውን ሁሉ።»

ትንሽ ዝም አለች። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሳ አየችና «ታዲያ ለምንድን ነው ፍሬ የሚበላው?» አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነትም ፍሬ እየዋጠ ነው። እኔ ግን አርባ ምንጭ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አርጃኖን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። በጫሞ ሐይቅ ዳር ሹካ የመሰለ ምላሱን እያወጣ እያስገባ፣ ጅራቱን እየጎተተ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አዞ አሸዋ ውስጥ የቀበረችውን እንቁላል አሽትቶ ቆፍሮ የሚበላ ሌባ ነው። አባቴ በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ስለዚህ እንስሳ ያወራልን ነበር። ስለዚህ «ቪዲዮው ተሳስቶ ይሆናል» ማለት ቃጣኝ። ደግነቱ አላልኩም። «ቆይ ላጣራልሽ» ብዬ ያን ምሽት ማንበብ ጀመርኩ፤ እነሆ ሳምንቱን ሙሉ አልተላቀቅሁትም።

የእኛው አርጃኖ ከናይል ወንዝ ስሙን ያገኘ፣ በአፍሪካ ውኃ ዳር የሚኖር ነው። ወገኖቹ በዓለም ላይ 80 ገደማ ዝርያዎች ናቸው። ትልቁ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሚደርሰው የኮሞዶ ዘንዶ የሚባለው ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥጋ በል ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፍሬ ዋነኛ ምግባቸው የሆነ ሦስት ብቻ አሉ፤ ሦስቱም የሚገኙት በአንድ አገር፣ በፊሊፒንስ ነው። የልጅቱ አርጃኖ ከሦስቱ አንዱ ነው። ስሙ ቢታታዋ ይባላል።

ቢታታዋ የሚኖረው ሉዞን በምትባለው ደሴት ሰሜናዊ ክፍል፣ ሲየራ ማድሬ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ደን ውስጥ ነው። ርዝመቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ገደማ። አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ዛፍ ላይ ነው። የሰው ኮቴ ከሰማ ከግንዱ ማዶ ዞሮ ይለጠፋል እንጂ አይሮጥም፤ ከሥሩ የቆመው ሰው ምንም ሳያይ ያልፋል። ፍሬ ሲበላ አያኝክም፣ እንዳለ ይውጠዋል። በፍሬው ላይ ቀንድ አውጣ ይጨምራል።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ከፊሊፒንስ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በሉዞን ነው፤ ማኒላ ራሷ እዚያው ናት። በዚህች ደሴት ላይ የሚኖር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ወርቅ የተረጨበት የሚመስል እንስሳ በሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሞባይል ስልክ በየኪሳችን ከገባ በኋላ ማለት ነው! በ2001 አዳኞች ይዘውት የሚታይበት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር። በ2009 ደግሞ አዳኞች ያጠመዱት አንድ ትልቅ ወንድ ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲና ከፊሊፒንስ ብሔራዊ ሙዚየም በመጡ ተመራማሪዎች እጅ ገባ። ሉክ ዌልተን፣ ራፍ ብራውንና ባልደረቦቻቸው አካሉንና ዲኤንኤውን መርምረው አዲስ ዝርያ መሆኑን አሳወቁ። ጋዜጦችም «ተገኘ!» ብለው ጻፉ።

ለማን ነው የተገኘው? በዚያ ደን ውስጥ እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩ አግታ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። (ሴቶቻቸው ቀስት ይዘው፣ ውሻ አስከትለው አሳማና አጋዘን ያድናሉ፤ ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት በጣም ደስ አላት።) አግታዎች ቢታታዋን ከጥንት ጀምሮ ያድኑታል፣ ይበሉታል። ቢታታዋ የሚለው ስም ራሱ የእነርሱ ነው፤ ሳይንቲስቶቹም አልቀየሩትም። በዚያው አካባቢ ሌላ፣ ጥንብ የሚበላና ዶሮ የሚሰርቅ አርጃኖ አለ። የአካባቢው ሰዎች የቢታታዋ ሥጋ ከዚያኛው ይልቅ ይጣፍጣል ይላሉ። እኛ አርጃኖ መብላት የሚለውን ስንሰማ ፊታችንን እናጨማድዳለን፤ ነገሩን ግን አስቡት። አንዱ ፍሬ በል፣ አንዱ ጥንብ በል መሆኑን፣ ሁለቱ ፈጽሞ እንደማይገናኙ፣ ድስት እየጣዱ የኖሩ እናቶች ዲኤንኤ ሳይመረመር ያውቁት ነበር። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

የቢታታዋ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቡታአን ከደሴቲቱ በስተደቡብ ነው ያለው። ይህኛው ለሳይንስ የታወቀው ከ150 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ፍሬ በል መሆኑን በሰፊው ያጠናው ዋልተር አውፈንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ መጽሐፉ በ1988 ወጣ። ይህ ሰው ቀደም ሲል የኮሞዶን ዘንዶ ሊያጠና ሲሄድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ደሴቲቱ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ኖሯል። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ዘንዶ ደሴት የወሰደ አባት! እኔ ብሆን ባለቤቴ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ከአውፈንበርግ ሥራ የወደድኩት የጥርሱን ነገር ነው። ግልገል ቡታአን ጥርሱ ስለታም ነው፤ ከፍሬ ይልቅ ትንንሽ እንስሳት ይበላል። ሲያድግ ጥርሱ እየደነዘና እየወፈረ ይሄዳል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መፈርከሻ ይሆናል፤ ፍሬም ገበታው ላይ ይበዛል። እኔም ከስድሳ በኋላ ቁርጥ ትቼ ፓፓያ ላይ ስለወደቅሁ አዘንኩለት ልበል ወይስ ተዛመድን?

ያልወደድኩት ደግሞ አለ። በሆዳቸው ውስጥ ያለውን ለማየት ከመቶ በላይ ቡታአኖች ተገድለዋል። በዚያን ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ዳንኤል ቤኔት ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ከዛፎች ሥር ኩሳቸውን እየለቀመ በውስጡ ያለውን ፍሬ ቆጠረ፤ ፍሬ በሚያፈሩ ዛፎች ላይ ካሜራ ተከለ። አንድም ሳይገድል ማን የት እንደሚበላ አወቀ። ኩሱ ውስጥ የሚገኘው ዘር ያልተፈጨ ነው፤ እንስሳው ዘሩን ከእናት ዛፉ አርቆ የሚጥል ገበሬ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ በሉ አርጃኖ ደኑ ቢመነጠር ከሰው ሠፈር ተጠግቶ ዶሮም ቢሆን ሰርቆ ይኖራል። ፍሬ በሉ ግን ዓመቱን ሙሉ በተራ በተራ የሚያፈሩ ዛፎች ያሉበት የበሰለ ደን ይፈልጋል። ገላጣ ሜዳ አያቋርጥም። ቢታታዋንና ቡታአንን የለያያቸው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀትና ሦስት ዝቅተኛ የወንዝ ሸለቆዎች ናቸው፤ በዚያ ምክንያት ተለያይተው ሁለት ዝርያ ሆነው ቀሩ። በአገራችን ገጠር በእርሻ መሀል የቀረ የቤተ ክርስቲያን ደን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጉሬዛው ከዚያ ወጥቶ የት ይሄዳል? በሉዞንም እርሻውና ምንጣሮው በየዓመቱ ወደ ተራራው ይወጣል፤ አደኑም አልቆመም።

ይህን ሁሉ ለልጅቱ በአጭሩ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስለዚህ የአግታ ልጅ ብትሆን አያቷን ጠይቃ ታውቅ ነበር» አለች። ቀጥላም «አንተስ ስለ እኛ አርጃኖ አባትህን ጠይቀሃል?» አለችኝ።

አልጠየቅኩም። ሲያወራ ሰምቻለሁ እንጂ ጠይቄው አላውቅም፤ ካረፈም ብዙ ዓመት ሆነው። እሑድ ዕለት ግን አርባ ምንጭ ላሉት አጎቴ ደወልኩ። 86 ዓመታቸው ነው። ከሰላምታው በኋላ «ጋሼ፣ ስለ አርጃኖ የሚያስታውሱት ነገር አለ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«አንተ፣ አባትህ ያንን ትልቅ ኩይሳ አትንኩ የሚለው ለምን ይመስልሃል? አርጃኖዋ ኩይሳውን በጥፍሯ ሰርስራ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ምስጡ ራሱ ቀዳዳውን መልሶ ይደፍነዋል።»

በኋላ ሳነብ እንደተባለው ነው። እናቲቱ እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ኩይሳው ሙቀቱን ጠብቆ ያቆየዋል። እኔ በዚያ ኩይሳ ላይ ስንት ጊዜ እየተንጠላጠልኩ ተጫውቼበታለሁ።

ልጅቱ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ትልቁ አባባ፣ ልጆቿ እንዴት ይወጣሉ ታዲያ? ተደፍኖ የለ?»

«ዝናብ ሲመጣ ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት። «ኩይሳው ሲርስ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ቆፍረው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ክንድ የማይሞሉ፣ ቢጫ በቢጫ።»

«ስንት ነበሩ?»

«ቆይ» አሉ፤ መቁጠር ጀመሩ።