የወላዶች ጤንነትና የመንደር ሴቶች ትምህርት

የካፋ ምድር በቡናውና በማሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሀብት ሁሉ ያለ ሰው ከንቱ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው የሰው ሕይወት ነው። አንዲት እናት በምጥ ብትሞት ሐዘኑ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ ጡት፥ ታላላቆቹ አሳዳጊ፥ አገርም ሠራተኛ ያጣል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ. ም. በኢትዮጵያ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር የሕዝብና የጤና ጥናት ገልጾ ነበር፤ በ2016 ዓ. ም. ቍጥሩ ወደ 412 ወረደ። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ2005 ዓ. ም. ከ100 እናቶች 5 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ በ2019 ዓ. ም. 48 ደረሱ። ለዚህ መሻሻል ድርሻ ካላቸው ሥራዎች አንዱ በ2003 ዓ. ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ነው፤ በእርሱም አንድ ዓመት የተማሩ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው ይመደቡ ጀመር። ከዚያም ወዲህ የየመንደሩ እናቶች በሴቶች ልማት ሠራዊት እየተደራጁ ረዳት ሆኑላቸው።

የወረዳ ከተማ በሆነችው በቢታ ገነት ዙሪያ ላሉት መንደሮች ይህ ሥራ እጅግ ያስፈልጋል። አገሩ ኮረብታና ደን፥ ዝናቡም ብዙ ነው። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለችና፥ ቦንጋ እስካለው እስከ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ያለው መንገድ በምጥ ቀን የሚታሰብ ነገር አይደለም። እንግዲህ የሠለጠነችው ጎረቤት ሥራ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ነው። የደም መፍሰስን፥ የፊት ማበጥን፥ ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ከባድ ራስ ምታትን፥ መንዘፍዘፍን፥ የምጥንም መርዘም በካፊ ኖኖ ታስረዳለች፤ ነፍሰ ጡሯም ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትቀርብ ትመክራለች።

ይሁን እንጂ ትምህርት ብቻውን አይበቃም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በብዙ አገር የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን እናቶችን ያድናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ደም የሚያቆም መድኃኒት፥ በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ ሐኪም፥ የሚያደርስም መንገድ በሌለበት ስፍራ የተጠበቀው ፍሬ አልተገኘም። አንዲት ሴት «ይህች እናት አሁኑኑ ትሂድ» ብላ ብትናገር፥ መኪናው ነዳጅ ከሌለው፥ በጤና ጣቢያውም አዋላጅ ነርስ ካልተገኘች፥ ምክሯ ምን ይጠቅማል? በማግሥቱስ ማን ይሰማታል?

ስለዚህ ሹማምንት የሠለጠኑትን ሴቶች ቍጥር በመዝገብ በማስፈር ሥራው እንደ ተፈጸመ ሊቈጥሩት አይገባም። በየወሩ ሊጠይቁት የሚገባው፥ ስንቶች እናቶች በጊዜ ተላኩ፥ ስንቶችስ ተቀባይ አገኙ የሚለውን ነው። በፈቃዷ የምታገለግለዋም ሴት እንሰቷንና ቡናዋን ትታ ስለምትሄድ፥ ድካሟ ሊታሰብላት ይገባል። ደግሞም በካፋ ማንጆ እየተባሉ በመገለል የኖሩት ወገኖች ቤት እንዳይዘለል፥ ከእነርሱም መካከል ሴቶች ተመርጠው ይማሩ።

የካህናትም ድርሻ ታላቅ ነው። ሲፓራና ፉሐ የተባሉት አዋላጆች እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናትን ከሞት ስለ አዳኑ እግዚአብሔር መልካም እንዳደረገላቸው በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። ሴት በምጥ በተያዘች ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፥ ማርያም» ይላል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን እየጸለዩ ቃሬዛ ማንሣት እምነትን እንደማያጐድል ለባልና ለአማት ሊያስረዳ የሚችል እንደ ነፍስ አባት ያለ የለም።

የመንደሯ ሴት አይታ ብትናገር፥ ካህኑ ቃሏን ቢያጸናላት፥ ሹሙም መንገዱንና ሐኪሙን ቢያዘጋጅ፥ በቢታ ገነት ዙሪያ የምታምጥ እናት ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ግን የሁለቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።