የማድ ቤት ድንጋይ ምርጫ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዳኝነት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለቤት ዕቃ ምርጫም ያገለግላል። ባልና ሚስት ቤት ሲያሠሩ ወይም ሲያድሱ ከሚመካከሩባቸው ነገሮች አንዱ፥ ሽንኩርት የሚከተፍበት፥ ሊጥ የሚዳመጥበትና ድስት ወርዶ የሚቀመጥበት የማድ ቤት መደብ ነው። ለዚህም በዛሬው ጊዜ ከሚቀርቡት ድንጋዮች አንዱ ኳርትዝ የሚባለው ነው። እኛም በዚህ ወር ዓምዳችን ይህ ድንጋይ ምን እንደሆነ፥ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፥ ይልቁንም ቆርጦ የሚያበጀው ሠራተኛ የሚደርስበትን አደጋ ልናስረዳ ወደድን።

እብነ በረድና ግራናይት ከተራራ ተፈንቅለው የሚመጡ የተፈጥሮ ድንጋዮች ናቸው፤ ይህኛው ግን ሰው በፋብሪካ የሚጋግረው ነው። የተፈጨ የኳርትዝ ማዕድን ከሙጫና ከቀለም ጋራ ይለወስና አየሩ ተመጥጦ እየተንቀጠቀጠ ይጨመቃል፤ ከዚያም በሙቀት ይጠነክራል። በተለመደው ዓይነት ከመቶው 90 እጅ ያህሉ ማዕድን ሲሆን የቀረው በብዛት ሙጫ ነው። ይህን የአሠራር ጥበብ ያወጣው፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1963 በኢጣልያ አገር የተቋቋመው ብሬቶን የተባለው ኩባንያ ነው።

ለቤት እመቤት ያለው ጥቅም በግልጽ የሚታይ ነው። ውሃና ዘይት ወደ ውስጡ ስለማይሰርጉ እንደ ግራናይት በየጊዜው መከላከያ ቅባት አይሻም። እብነ በረድን ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል፤ ይህንን ግን እንዲያ አድርገው አይጎዱትም። መልኩም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ሆኖም ድንጋይ ነው ብሎ እሳት ይችላል ማለት ስሕተት ነው። ሙጫው ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ዘይት ሲጠበስበት የቆየ መጥበሻ ደግሞ ከዚህ በላይ ይግላል። ስለዚህ ከምድጃ የወረደ ድስትም ሆነ ከፍም የተነሣ ጀበና ማስቀመጫ ሳይደረግለት በላዩ ሊያርፍ አይገባም። እርድም ፈስሶ ከዋለ ቀለሙን ሊተው ስለሚችል ወዲያው ይጠረግ። በረኪና አይፍሰስበት፤ ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። ፀሐይ የሙጫውን ቀለም ስለሚለውጥ፥ በግቢ ለሚሠራ የውጭ ማድ ቤት አይመረጥም።

እስከዚህ ያልነው ስለ ቤቱ ነው፤ ከዚህ የሚከብደው ግን ከቤቱ ውጭ ያለው ነገር ነው። ኳርትዝ ሲሊካ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ነው። ድንጋዩ በደረቁ ሲቆረጥና ሲሞረድ ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ይነሣል፤ ብናኙም ወደ ሳምባ ገብቶ ጠባሳ ያበጃል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነውም መድኃኒት አልተገኘም። በግራናይት ያለው ሲሊካ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 45 እጅ በታች፥ በእብነ በረድ ያለው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ፥ የኳርትዙ አደጋ ይብሳል። በ2012 የእስራኤል ሐኪሞች ይህንኑ ድንጋይ ሲቆርጡ የታመሙ 25 ሰዎችን ታሪክ አሳትመዋል፤ ከእነርሱም የሌላ ሰው ሳምባ የተተካላቸው ነበሩ። አውስትራልያም ሠራተኞቿ በዚሁ በሽታ በመጠቃታቸው፥ ከሐምሌ ወር 2024 መባቻ ጀምሮ ድንጋዩ እንዳይሠራ፥ እንዳይሸጥና እንዳይገጠም በሕግ ከለከለች። እነዚህም ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

መደቡ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ በላዩ የሚያበስለውን ሰው በብናኝ አይጎዳውም፤ በዚህ የቤት እመቤት አትሥጋ። ጉዳቱ የሚደርሰው በቆራጩ ላይ ነው። እርሱም የአንድ ቤት አባት፥ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋና ቀለም ብቻ ጠይቆ መመለስ አይገባውም። ድንጋዩ የሚቆረጠው ውሃ እየፈሰሰበት ነውን? ብናኙን የሚመጥ መሣሪያ አለን? ሠራተኛውስ አፍንጫና አፉን የሸፈነው በተራ ጨርቅ ነው ወይስ ደቃቅ ብናኝ በሚያስቀር ጭምብል? የላቫንዲኖው ቀዳዳ ሳይቀር ልኩ በጥንቃቄ ተወስዶ ሁሉም በሥራ ቤቱ ያልቅ ዘንድ አስቀድሞ ይዋዋል፤ ግቢ ውስጥ በደረቁ መቁረጥንም አይፍቀድ።

መልስ የማይሰጥ ሻጭ ቢያጋጥም ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው፤ ካልሆነም ሲሊካው ያነሰውን ወይም እብነ በረድን መምረጥ ይቻላል። ከአገራችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው እብነ በረድ ሎሚ እንዳይፈስበት ጥንቃቄ ቢያሻውም፥ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል መልካም ድንጋይ ነው። እርሱም ቢሆን ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጥ። ለቆራጩ ደኅንነት ሲባል ጥቂት ብር ቢጨመርም ወጪው ከንቱ አይደለም፤ ሰውዬው ነገም በጤና ወደ ልጆቹ ይገባልና።