ምርምሩ ከንግድ ድርጅት ጋር ሲዋዋል የገበሬው ድርሻ የት ላይ ይጻፋል?

በአገራችን የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ሥራቸውን ከንግድና ከኢንዱስትሪ ድርጅቶች ጋር አስተሳስረው ለማካሄድ በሰፊው በመንቀሳቀስ ላይ ይገኛሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ተቋማቱ ከኢንዱስትሪ ጋር እንዲተሳሰሩና የቴክኖሎጂ ሽግግር እንዲያካሂዱ መንገድ ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ሲለዩ ሐረማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አርባ ምንጭ፣ መቀሌና አዲስ አበባ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ተመድበዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን በሌላ አነጋገር ከመንግሥት በጀት ውጭ ገቢ መፈለግ ማለት ነው። ገቢ ከሚገኝባቸው በሮች አንዱም ከድርጅት ጋር የሚደረግ የምርምር ውል ነው።

ይህ ነገር ላይ ላዩን ሲታይ የምሁራንና የነጋዴዎች ጉዳይ ይመስላል። የገበሬ ማኅበር መሪ ምን አገባው ሊባልም ይችላል። (የገበሬ ማኅበር የሚለው ስያሜ በወረቀት ላይ ቦታውን ለቀበሌ አስተዳደርና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ቢለቅም በገበሬው አንደበት ዛሬም አልጠፋም።) ይሁን እንጂ የግብርና ምርምር ጥሬ ዕቃው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከገበሬው ደጅ አይርቅም። ዘሩ የገበሬው ነው። የመሞከሪያው ማሳ ብዙ ጊዜ የገበሬው ነው። የትኛው ዘር ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው በጥቁር አፈር ላይ እንደሚበጅ፣ የትኛው ነቀዝ እንደማይደፍረው የሚያውቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲና ድርጅት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ሦስተኛው ባለ ጉዳይ፣ ቢጠራም ባይጠራም፣ ገበሬው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ዩኒቨርሲቲና ገበሬ ሲገናኙ ምን ፍሬ እንደሚገኝ ለማየት የዛሬውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ተቋሙ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ርዳታ በተገኘ ድጋፍ፣ ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ ነው። ከመነሻው የተሰጡት ተግባሮች ሦስት ነበሩ፤ ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማዳረስ። የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራው በኮሌጁ እጅ የነበረ ሲሆን በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ በኋላ የሚመራመረው በአንድ ቤት፣ የሚያዳርሰው በሌላ ቤት ሆነ። ብዙ ጥሩ ጥናት በመደርደሪያ ላይ የቀረው፣ ብዙ የገበሬ ጥያቄም ከተመራማሪው ጆሮ ሳይደርስ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ያም ሆኖ ግንኙነቱ ፈጽሞ አልተቋረጠም። በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የሚገኙ ገበሬዎች ዓለማያ 624፣ ጭሮ፣ ዘመን፣ ቡቡ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች ያገኙት ከዚሁ ተቋም ነው። የአካባቢው ድንች እስከ ጅቡቲ ገበያ የሚዘልቅ በመሆኑ ጥቅሙ የታወቀ ነው።

የጤፉ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ጤፍን ማዳቀል ለረጅም ዘመን የማይቻል መስሎ ቆይቶ ነበር። አበባው እጅግ ጥቃቅን ሲሆን ራሱን በራሱ የሚያራባ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ማዳቀልም ተቻለ። በዚሁ መንገድ የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች፣ ጣቢያው መጀመሪያ በዓለማያ ኮሌጅ ሥር የተቋቋመ ነው፣ በነጭነቱ ገበያ የሚወደውን ዝርያ ብዙ ምርት ከሚሰጠው ዱከም ጋር አዳቅለው በ1998 ዓ.ም. ቁንጮን አወጡ። ሁለቱም ወላጅ ዝርያዎች ከገበሬው ዘር ውስጥ ተመርጠው የወጡ ነበሩ። ዘሩንም ያባዛውና ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያዳረሰው በአብዛኛው ገበሬው ራሱ ነው። በዚህ መካከል የቆመ የንግድ ድርጅት አልነበረም፤ የባለቤትነት ጥያቄም አልተነሣም።

ድርጅት በመካከል ሲገባስ ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ምሳሌ ከራሳችን ሰብል ላይ አለ፤ እሱም በ1997 ዓ.ም. የተፈረመው የጤፍ ውል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በምርምር ስም ነው። በሆላንድ አገር የሚገኘው የላረንስታይን ከፍተኛ ትምህርት ቤትና አንድ የዚያው አገር የግል ድርጅት ጤፍ በአውሮፓ መሬት ላይ ሊበቅል እንደሚችል ለማጥናት ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ጋር ግንኙነት ፈጠሩ። 1,440 ኪሎ የጤፍ ዘር፣ ማለትም 14 ኩንታል ከ40 ኪሎ፣ ለምርምር ተላከ። በ1995 ዓ.ም. ግን የዚያው ድርጅት ሰዎች የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፓተንት ማመልከቻ በአገራቸው አስገቡ። ፓተንት ማለት አንድ ሰው ፈጠርኩት ባለው ነገር ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን እንዲጠቀምበት፣ ሌላውንም እንዲከለክልበት መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው።

ቀጥሎም ውሉ መጣ። በኢትዮጵያ በኩል የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ፣ በሆላንድ በኩል ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ፈረሙ። ዘመኑ 10 ዓመት ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚያምር ነው። ድርጅቱ ከዘር ሽያጭ ከሚያገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ የጤፍ ገበሬዎችን ለሚደግፍ ገንዘብ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ በማያንስ መጠን፣ ያስገባል። ጥናቱም ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በጋራ ይካሄዳል። በጊዜው ይህ ውል በዓለም ላይ እንደ አርአያ የተጠቀሰ ነበር።

ፍጻሜው ግን ሌላ ሆነ። ፓተንቱ በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓ ጸደቀ። ድርጅቱ በ2001 ዓ.ም. ከሰርኩ ብሎ ፈረሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ብቻ ነው። የፈረሰው ድርጅት ኃላፊዎች በሌላ ስም ያቋቋሟቸው ድርጅቶች የጤፍ ሥራውን ቀጠሉ፤ ፓተንቱም ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። ውሉ የተፈረመው ከፈረሰው ድርጅት ጋር ስለ ነበር አዲሶቹ በውሉ ሊያዙ አልቻሉም። ጤፍን ወቅቶ፣ በጎተራ አሳድሮ፣ አስፈጭቶ መጋገር በየቤታችን የኖረ ሥራ ሆኖ ሳለ በባዕድ አገር የአንድ ሰው ፈጠራ ተብሎ ለዓመታት ተመዝግቦ ቆየ።

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለበትም ሲል በሆላንድ ሻረው። ብዙዎቻችን በዜናው ተደስተናል፤ መደሰትም ይገባ ነበር። ይሁንና ከሳሽና ተከሳሽ እነማን ነበሩ ብሎ ማጤን ያስፈልጋል። ፓተንቱን የያዘው ድርጅት በጤፍ ሥራ ላይ የተሰማራ ሌላ የዚያው አገር ድርጅትን ከሰሰ፤ ተከሳሹም ገበያውን ለማዳን ሲል ተከራከረ። የአድአና የምንጃር ገበሬ፣ የጎጃምም ገበሬ በችሎቱ አልነበሩም። ፍርዱ የጠቀመን በሁለት ነጋዴዎች ጠብ ምክንያት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች ትተን ለማኅበር መሪዎች የሚበጀውን ብቻ እንመልከት። በመጀመሪያ ደረጃ የተጣራ ትርፍ የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። የተጣራ ትርፍ የሚገኘው የድርጅቱ ወጪ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ወጪውን የሚመዘግበው ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ነው። ትርፍ አላገኘሁም ካለ የምናይበት ዓይን የለንም። ይልቁንስ ክፍያው በኩንታል፣ በሄክታር ወይም በጠቅላላ ሽያጭ ላይ ቢሰላ ገበሬውም ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል። የድርጅቱ ስም ቢለወጥ ወይም ቢሸጥ ግዴታው ወደ ተተኪው እንደሚተላለፍ በውሉ መጻፍ አለበት። ዘሩ ወይም ጥናቱ በፈረሰ ድርጅት እጅ ሲቀር ለማን እንደሚመለስም እንዲሁ። የጤፉ ውል ዋነኛ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከጤፉ ውል ጥቂት ወራት ቆይቶ የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የዘር ናሙና ለመውሰድ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ፣ የኅብረተሰቡን ዕውቀት ለመውሰድ ደግሞ የኅብረተሰቡ የራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሀብቱ በሚገኘው የገንዘብ ጥቅም መንግሥት ከሚደርሰው ላይ ግማሹ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ነው። ገበሬው እንደ ልማዱ ዘሩን የመጠቀምና የመለዋወጥ መብቱም የተጠበቀ ነው። ይህን የማያውቅ የማኅበር መሪ ብዙ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ አዋጁ ከነጋሪት ጋዜጣ አልፎ እስከ ቀበሌ አልወረደም።

እዚህ ላይ አንድ በልዩ ትኩረት ሊታይ የሚገባው ነገር አለ። ይኸው አዋጅ ለአገር ውስጥ የመንግሥት ምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ቀለል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የራሳችን ተማሪና ተመራማሪ ናሙና ለመውሰድ በየቢሮው ሊንከራተት አይገባም። ነገር ግን ከተመራማሪው ጀርባ የንግድ ድርጅት ሲቆም ይህ ቀላል በር ለማን እንደ ተከፈተ መጠየቅ የግድ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ከድርጅት ጋር ያለው ግንኙነት በጠበቀ መጠን በተማሪ ስም የገባ ናሙና በነጋዴ ስም ሊወጣ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች ገቢ ፍለጋ በሚጣደፉበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ተራ ስጋት አይደለም።

ይህ ሲባል ግን በሩን መዝጋት ይሻላል ማለታችን አይደለም። በር ዘግቶ የተቀመጠ ማኅበር ቁንጮንም ጭሮንም አያገኝም ነበር። ድርጅት ያለው ካፒታል፣ መጋዘንና ገበያ ዩኒቨርሲቲ የለውም፤ ገበሬውም የለውም። ውል ያለው እርሻም እየተስፋፋ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቶለታል። ጥያቄው ገበሬው በውሉ ውስጥ በስም ይጠቀሳል ወይስ ተባባሪ አካላት በሚል ቃል ተሸፍኖ ያልፋል የሚለው ነው።

ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ዘር ሊወስድ፣ ማሳ ሊከራይ ወይም ስለ አዘራር ሊጠይቅ ሲመጣ በእንግድነት ክብር ይቀበሉት፤ ከዚያም የምርምሩን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ድርጅት አለበት ከተባለ ከድርጅቱ ጋር የተደረገው ውል ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ በጉባኤ ላይ ይነበብ። በቃል የሚሰጥ ተስፋ፣ ሰጪው ቅን ሰው ቢሆንም፣ ሰውዬው ሲዛወር አብሮ ይሄዳል። የሚወሰደውም ናሙና ይመዝገብ፤ የዘሩ የአካባቢ ስም፣ የማን ማሳ፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ዓላማ፣ ተቀባዩ ማን። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለቱም ወገን ይፈረም፤ አንዱን እንግዳው ይውሰድ፣ ሁለተኛው በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይቀመጥ።